ተኩሶ የማያውቀው በልጅግ

አጎቴ ደውሎ «ላፕቶፕህን ዝጋና ስማኝ» ሲለኝ ገንዘብ ሊጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። የአያቴ ሙት ዓመት ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ድንኳኑ፣ በሬው፣ ዘይቱ፣ ሁሉም ዋጋው ሰማይ ነው። እሱ የደወለው ግን ስለ ጠመንጃው ነበር።

«በሙት ዓመቱ ልንተኩሰው ነው፤ አምስቱንም ጥይት። እናትህ ግን እንቢ ብላለች። ቅርስ ነው፣ አይነካም ትላለች። አንተ ኢንጂነር ነህ፤ መጥተህ አንድ ነገር በል።»

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ የማየው የሌላ ሰው ኮድ ለምን እንደተበላሸ ነው። እኛ ቤት ግን ኢንጂነር ማለት ሶላር የሚገጥም፣ ዲሽ የሚያስተካክል፣ አሁን ደግሞ የዘጠና ዓመት ጠመንጃ ይተኮስ አይተኮስ ብሎ የሚፈርድ ሰው ነው።

ጠመንጃው በልጅግ ነው። ምዕራብ ሐረርጌ፣ ቦኬ ባለው የአያቴ ቤት፣ ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል በስተቀኝ ተሰቅሎ ነው ያደግኩት። ማንገቻው ተቀይሯል፤ ሌላው ሁሉ እንደመጣ ነው። ከላይ ብረቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾበታል። አያቴ በየዓመቱ መስከረም ላይ ያወርደውና በስፌት መኪና ዘይት ይወለውለዋል። ጨርቁን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሲጨርስ ሁሌ አንድ ነገር ይላል፦ «ይሄ ጠመንጃ የሰው ደም የለበትም። ተኩሶ አያውቅም።»

የቤታችን ታሪክ እንዲህ ነው። ቅድመ አያቴ በ1928 ዓ.ም. ከጨርጨር ወደ ጅጅጋ ወርደው የደጃዝማች ነሲቡን ጦር ተቀላቀሉ። ይዘው የሄዱት ያረጀ ውጅግራ ነበር። ሚያዝያ ላይ፣ ነገሩ ሁሉ ሊያበቃ ሲል፣ ያልተነካ በልጅግ ከነቅባቱ፣ ከአምስት ጥይት ጋር ተሰጣቸው። አንዱንም ሳይተኩሱ ግንባሩ ተፈታ። ንጉሡ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ፣ ሚያዝያ 27 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ፣ ከቀናት በኋላ ሐረርም ተያዘች። ቅድመ አያቴ አዲሱን ጠመንጃ ይዘው በእግራቸው ቦኬ ገቡ። ጣሊያን መሣሪያ መሰብሰብ ሲጀምር በቅባት ለውሰው፣ በቆዳ ጠቅልለው፣ ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ቀበሩት። ሐረርጌን ለማታውቁ፣ እኛ ጋ ማሽላ የሚቀመጠው ጎተራ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ መሬት ተቆፍሮም ይቀበራል።

ከነጻነት በኋላ ግድግዳው ላይ ወጣ። በ1967 ደርግ መጥቶ መሣሪያ ሲፈትሽ እንደገና ጉድጓድ ገባ። በ1969 እና 70 የሶማሊያ ጦር ጅጅጋን ይዞ ወደ ሐረር ሲጠጋ እንኳን አልወጣም። በ1983 አያቴ አውጥቶ መልሶ ሰቀለው። ሁለት ጊዜ የተቀበረ፣ ሦስት መንግሥት ያለፈበት፣ አንድም ጊዜ ያልተተኮሰ። እኛ ቤት ይሄ እንደ ዘር ሐረግ ነው የሚቆጠረው።

አያቴ ሲሞት ግን ምን ይሁን ብሎ አልተናገረም። ዝም ብሎ ሞተ። ስለዚህ ሁሉም የራሱን ኑዛዜ ጻፈለት። አጎቴ «የአርበኛ ልጅ ያለ ተኩስ ተቀብሯል፣ ቢያንስ ሙት ዓመቱ ላይ ይተኮስለት» ይላል። እናቴ «አባቴ ሰማንያ አራት ዓመት ሙሉ ያልተኮሰውን እናንተ ማን ናችሁ?» ትላለች። ጭሮ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ «ሽጡት» ብሎ በቴሌግራም ፎቶ ልኮልኛል፤ ፎቶው ላይ አንበሳውን በቀይ አክብቦበታል።

እውነት ለመናገር፣ መጀመሪያ ከእናቴ ጋር ነበርኩ። ያንን ሌሊት ቁጭ ብዬ ኢንተርኔት ላይ ሳስስ አደርኩ። ለካ የኛ ዓይነት ጠመንጃ የራሱ ዓለም አለው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ የአሜሪካ አስመጪ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎችን እየገዛ ለሰብሳቢዎች ሲሸጥ ቆይቷል። ሰዎቹ ካርቶኑን ከፍተው ሲያሳዩ የተቀረጸ ቪዲዮ አየሁ። ሰደፉ የተሰነጠቀ፣ በሽቦ የታሰረ፣ በቆዳ የተለበጠ ጠመንጃ። አንዱ ሰደፍ ላይ ሰው በሚስማር መስቀል ጭሮበታል። አንድ ሰው ጓሮው ውስጥ ቆሞ በጓንት ይዞት «ይሄ ብዙ አይቷል» ሲል ሆዴ ተንቦጫቦጨ። የማን አባት ነበር የጫረው?

ሰብሳቢዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ «ጠመንጃ የተሠራው ሊተኮስ ነው፤ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ብረት ምን ይሠራል?» ይላሉ። ሁለተኞቹ «ሳይተኮስ የቆየ ነገር አንዴ ከተተኮሰ በቃ፤ መልሰህ አታመጣውም» ይላሉ። ያልተተኮሰ ሲሆን ዋጋው ይጨምራል። ስለ መኪናም፣ ስለ ሰዓትም፣ ካርቶኑ ስላልተከፈተ ስልክም ይሄንኑ ነው የሚሉት። እኔም በሙያዬ አውቀዋለሁ። ያልተሞከረ ባክአፕ ባክአፕ አይደለም እንላለን። በሌላ በኩል ደግሞ የሚሠራን ነገር አትንካ እንላለን። ሁለቱንም በአንድ ቀን እንናገራለን።

የጥይቱ ነገር ግን ክርክር አልነበረውም። በዚያ ዘመን የተሠራ የወታደር ጥይት ማቀጣጠያው ሲቃጠል ጨው ነው የሚተወው። ጨው እርጥበት ይስባል፤ በሙቅ ውሃ በደንብ ካልታጠበ በርሜሉን ከውስጥ ያዝገዋል። ዘጠና ዓመት የተቀመጠ ጥይት ደግሞ ቃታው ተስቦ ላይነሳ፣ ወይም ዘግይቶ ሊነሳ ይችላል። ሰውዬው «ከሸፈ» ብሎ ሲከፍተው ፊቱ ላይ ነው የሚፈነዳው። ለአጎቴ ይሄን ደውዬ ስነግረው «እሺ፣ ሌላ ጥይት እንፈልጋለን» አለኝ። ስለዚህ ሄድኩ።

ከአዲስ አበባ ጭሮ ወደ 325 ኪሎ ሜትር ነው። አዋሽን አልፈህ እስከ ሚኤሶ ቆላ ነው፤ ከዚያ መንገዱ ወደ ጨርጨር ተራሮች ይወጣል፣ አየሩም ይቀየራል። ጭሮን የድሮ ሰው አሰበ ተፈሪ ነው የሚላት። የቆረቆሯት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እሳቸው ሩሲያ ሄደው የተማሩት መድፍ መተኮስ ነበር። ጨርጨር ግን ገዥ ሆነው መጥተው ከተማ ነው ያቀዱት። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን ሲመጣ ደግሞ ጄኔቭ፣ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በአፋቸው ነበር የተከራከሩት። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ ይሄን ሳስብ የሳቀብኝ ነገር፣ እኔም ለጠመንጃ ልከራከር ነው የምሄደው።

ቦኬ ስደርስ ግቢው ውስጥ እንጨት ይፈለጣል። ሁለት በሬ ታስሯል፤ አንዱ ለኛ፣ አንዱ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን፣ እነሱው የሚያርዱት። እናቴ ሳመችኝና ገና ሳልቀመጥ «እንዳትሰማው» አለችኝ። አጎቴ ከኋላዋ «ኢንጂነሩ መጣ!» ይላል።

ጠመንጃውን አውርደን ጠረጴዛ ላይ አጋደምነው። የስልኬን መብራት አብርቼ አየሁት። በርሜሉ ውስጥ ያሉት ጠመዝማዛ መስመሮች ትናንት የተቆረጡ ይመስላሉ። ከአንበሳው ወረድ ብሎ፣ በርሜሉ ላይ፣ አያቴ ዘይት ሲቀባው መቶ ጊዜ ያየኋቸው ትንንሽ ምልክቶች አሉ። አንዷ ግንብ ትመስላለች። የፋብሪካው ጌጥ ይመስለኝ ነበር። ፎቶ አንስቼ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ግቢውን ዞሬ፣ ፈልጌ አገኘሁት።

በልጅግ የተሠራው ቤልጅየም፣ ሊዬዥ አጠገብ ባለችው ኤርስታል ነው። ሊዬዥ እ.ኤ.አ. ከ1672 ጀምሮ የጦር መሣሪያ የሚፈተንበት ተቋም አላት። በርሜሉ ከተለመደው በላይ ኃይል ባለው ጥይት ይተኮስና ካልፈነዳ ብቻ ማኅተም ይመታበታል። ያቺ ግንብ የፈተናው ማኅተም ናት።

«ጋሼ» አልኩት አጎቴን፣ «ተተኩሷል።»

«ማን ተኮሰው?»

«ቤልጅጎች። ሳይሸጡት በፊት።»

ለደቂቃ ማንም አልተናገረም። ከዚያ አጎቴ ሳቀ። «በቃ! እንግዲያማ ችግር የለም፣ እንተኩሰው።» እናቴ ግን ተቆጣች፤ እኔ ላይ። «ይሄን ልትነግረን ነው ከአዲስ አበባ የመጣኸው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በእኛ ሥራ ቢሆን አንድ ሰው ቴስት አድርጎታል፣ አልፏል፣ ተረክበናል ብለን እንቀጥል ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ያፈረሰብኩት የአባቷን ቃል ነው። ለራሴ ያልኩት፣ አያቴ «ተኩሶ አያውቅም» ሲል «እኛ አልተኮስንበትም» ማለቱ ነው፤ ያ ደግሞ አሁንም እውነት ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንዲያ ነበር የማስበው።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌው ከሰባ አምስት ያልፋሉ። ልጅ ሆኜ ከልጆቻቸው ጋር ነው ያደግኩት፤ ኦሮምኛ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። በርጫ ላይ ነበሩ። አጠገባቸው አስቀምጠውኝ ሆጃ አስቀዱልኝ፣ ስለ አዲስ አበባ ጠየቁኝ፣ ስለ ኑሮ ውድነት አወራን። ከዚያ እኔው አነሳሁት። ሙት ዓመቱ ላይ ጠመንጃው ሊተኮስ ይችላል፣ እንዳይደነግጡ ልንገርዎ ብዬ ነው አልኳቸው። በዚህ ሰሞን እኛ ጋ ተኩስ ሲሰማ ሰው «የማን ለቅሶ ነው?» ብሎ አይወጣም። በሩን ነው የሚዘጋው።

ቅጠሉን እየመረጡ ቆዩ። «ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ «ያ ጠመንጃ ሲተኮስ ሰምቼ አላውቅም።»

«አዎ አባባ፣ አያቴም ተኩሶ አያውቅም ይል ነበር።»

«ለመተኮስማ አልተተኮሰም።» ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። «የአስራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ ዝናብ የቀረበት ዓመት ነበር። አባቴ የናንተ መሬት ላይ ነበር የሚያርሰው። ድርሻውን መስጠት አቃተው፤ ይተውልኝ ሊል እኔን ይዞ ሄደ። የአያትህ አባት ተቀምጠዋል። ክፉ አልተናገሩም። ቡናም ሰጥተውናል። ጠመንጃው ከኋላቸው ተሰቅሏል። ማንም አልነካውም። አባቴ ግን ሲለምን ዓይኑ ጠመንጃው ላይ ነበር። የሚለምነው እሱን ነበር የሚመስለው። ስንመለስ በሬአችንን ሸጠን ከፈልን።»

ምን እንደምል አላወቅኩም። ሆጃው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

«አያትህ ግን ጓደኛዬ ነበር» ብለው ቀጠሉ። «መሬት ላራሹ ታወጀ፤ እኛም የራሳችንን ማረስ ጀመርን። ደርግ መሣሪያ ሊፈትሽ ነው ሲባል አያትህ በሌሊት ጠመንጃውን በቆዳ ጠቅልሎ መጣ። እኛ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከማሽላው ሥር ቀበርነው።»

«እናንተ ጉድጓድ? የኛ አልነበረም?»

«የናንተን ሊፈትሹት ነበራ!» ብለው ሳቁ። «ብንያዝ ሁለታችንም እንታሰር ነበር። አስራ ስድስት ዓመት እኔ ጋ ተቀመጠ።»

«ያንን ሁሉ ካዩ በኋላ ለምን ደበቁለት?»

ትንሽ አሰቡ። «እሱ ጓደኛዬ ነው፤ እንዳይታሰርብኝ። ደግሞም ከዚያ ግድግዳ ላይ ይውረድ እንጂ የትም ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ደርግ ሲወድቅ መጥቶ ወሰደው፣ መልሶ እዚያው ሰቀለው። ምንም አላልኩትም። ቤቱ ነው። ቡና ልጠጣ ስሄድ ግን ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ነው የምቀመጠው።»

ትዝ አለኝ። እሳቸው ቤታችን ሲመጡ ሁሌ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ነበር የሚቀመጡት። ብርሃን ስለሚወዱ ይመስለኝ ነበር።

ማታ ለእናቴና ለአጎቴ ነገርኳቸው። አጎቴ የጉድጓዱን ታሪክ አላመነም፤ እሱ ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። እናቴ ግን ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም «እውነቱን ነው» አለች። «ያን ሌሊት በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ለማንም እንዳትናገሪ አለኝ፣ አልተናገርኩም።» አምሳ ዓመት ሙሉ። ስለ በሬው ግን እሷም አልሰማችም ነበር። ቢላውን አስቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር ስለ መተኮስና ስለ ማቆየት መሆኑ ቀረ። አያቴ አልዋሸም፤ ደም የለበትም። ግን እኔ «ያልተተኮሰ» ማለት «ያልተሠራበት» ማለት ይመስለኝ ነበር። ያ ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ሆኖ ለዓመታት ሥራ ላይ ነበር፤ ማንም ቃታውን መሳብ ሳያስፈልገው። የእናቴም ሐሳብ፣ እንዳለ ይቀመጥ የሚለው፣ ስታስበው መጠቀም ነው። የአጎቴም ሐሳብ ከዚያ የተለየ አይደለም፤ ድምፅ ይጨምርበታል እንጂ።

አጎቴ ግን ቀላል አልነበረም። «ታዲያ በአባታችን እንፈር?» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ጅጅጋ ድረስ በእግሩ የሄደ ሰው ነው አያቴ። ለማን ብሎ ነው የሄደው?» እሱም እውነት አለው። ጅጅጋ የወረዱትም፣ ከዚያ ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ድርሻ የተቀበሉትም አንድ ሰው ናቸው፤ አንዱን ይዤ ሌላውን ልተው አልችልም። «አንፈርም ጋሼ» አልኩት። «ግን ሲወራ በሬውም አብሮ ይወራ።»

የቀረው የወረቀት ጉዳይ ነበር። የመሣሪያ ፈቃድ የሚሰጠው በሰው ስም ነው፤ አያቴ የቆየ ወረቀት ነበረው፣ እሱ ሲሞት ወረቀቱም አብሮት ሞተ። በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1177፣ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ ቅርስ ነው ስላልን አይምረንም። ለመንግሥት አስረክበን እንገላገል የሚል ሐሳብ እኔው አነሳሁ፣ እኔው ፈራሁት። ያ አሜሪካዊ በጓንት የያዘው ጠመንጃ ትዝ አለኝ። አንበሳውን የሚያውቁት፣ በሬውን የማያውቁት ሰዎች እጅ ቢገባስ? መጨረሻ ላይ የተስማማነው አምስቱን ጥይት ለማስረከብ፣ ጠመንጃውን ደግሞ በአጎቴ ስም እንዲፈቀድ ለመጠየቅ ነው። ከተፈቀደ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ካልተፈቀደ ይሄዳል። ግድግዳው ላይ ግን አይመለስም። እናቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስከረም ላይ ዘይት እንዲቀባ።

በማግስቱ ጠመንጃውን በነጠላ ጠቅልለን ፖሊስ ጋ ሄድን። ፖሊሱ ከእኔ ያንሳል። ቅጹን አውጥቶ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ቁጥሩን ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ «ይሠራል?» አለ።

«ተኩሶ አያውቅም» አለ አጎቴ፣ እንደ አባቱ ኮራ ብሎ።

«እሱን አልጠየቅኩም። ይሠራል ወይ ነው ያልኩት።»

አጎቴ እኔን አየኝ፤ ኢንጂነሩን።

«ይሠራል» አልኩት።

ጻፈ።

ሙት ዓመቱ ያለ ተኩስ አለፈ። ጎረቤታችን ሽማግሌ ከልጆቻቸው ጋር መጡ። ግድግዳው ላይ ሚስማሩና ጠመንጃው የተሰቀለበት ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ቀለም ለመቀባት ጊዜ አልነበረንም። ወንበር ሳብኩላቸውና የት እንደሚቀመጡ ዝም ብዬ አየሁ። እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ተቀመጡ። የስድሳ ዓመት ልማድ ነው፤ በአንድ ሳምንት ይለቃል ብዬ የጠበቅኩት እኔ ነኝ። ቡናው ሲቀርብ እናቴ ከጎናቸው ተቀመጠች፣ ቀስ ብላ ስለ በሬው ጠየቀቻቸው። ቀለሙ ምን ዓይነት እንደነበር ነው የጠየቀቻቸው። ዳለቻ ነበር አሏት።